ከመርከቧ ሆድ የተጠራው ሰው

ሴት ልጁ እሱን ከታች ሆና ጠርታው አታውቅም። የልብስ ስፌት ሱቋ ምድር ቤት ነው፤ መኖሪያቸው ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ። እንግዳ ሲመጣበት ወይም መድኃኒት የሚውጥበት ሰዓት ሲደርስ፣ መቀሷን አስቀምጣ፣ ደንበኛዋን «አንዴ ጠብቂኝ እናቴ» ብላ፣ ሃምሳ አራቱን ደረጃ እያለከለከች ትወጣለች። በሩን አንኳኩታ፣ ፊት ለፊቱ ቆማ፣ «አባዬ፣ ሰው መጥቶልሃል» ትለዋለች። ልማዱን የወረሰችው ከእናቷ ነው። እናቷ ምክንያቱን ጠይቃ ጠይቃ ሰልችቷት ነው የሞተችው።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ይህን ሳያውቅ ደረጃው ሥር ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ይውረዱ እንጂ! እዚህ ነው ያለሁት!» ብሎ ተጣራ። ልጅቷ እየሮጠች ስትወጣ አባቷን ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ አገኘችው። የደረጃውን ብረት በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞታል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማነው? ማነው የጠራኝ?»

«ቧንቧ ሠሪው ነው አባዬ! ምን ሆነሃል?»

«ደም ግፊቴ ነው» አለ።

ደም ግፊት አልነበረበትም።

የወደቡ ሰው ይህን ሽማግሌ «ቋጠሮ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጡለት ገመድ አቋጣጠሩን አይተው ነው፤ እሱ የቋጠረውን ገመድ መቁረጥ እንጂ መፍታት የሚችል አልነበረም። ግንባሩን አይተው ነው የሚሉም አሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመርከብ ሠርቷል። አሁን ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ደክሟል፣ ጆሮው ግን ደህና ነው። ጆሮው ደህና መሆኑን እንደ ጤና አይቆጥረውም።

በወጣትነቱ ኮንቴይነር የሚባል ነገር እዚያ ወደብ ላይ አልነበረም። ዛሬ አንዲት መርከብ ጠዋት መጥታ ማታ ትሄዳለች። የብረት ሳጥን አውርዳ የብረት ሳጥን ትጭናለች፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ያሸገው ካልሆነ ማንም አያውቅም። ክሬኑ ብቻውን ወዲያና ወዲህ ይላል፤ መድረኩ ላይ አንድ ሰው አይታይም። ያን ጊዜ ግን መርከብ ወደብ ገባች ማለት ዘመድ ቤት ገባ ማለት ነበር። ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት ትቀመጣለች። ጆንያው በትከሻ፣ በርሜሉ እየተንከባለለ፣ ቆዳው በጥቅል በጥቅል እየታሰረ በሰው እጅ ይወርዳል። ከመርከብ የወረደ ሰው ኪሱ ሞቅ ብሎ ወደ ከተማ ይወጣል። ከወደቡ በር ጀምሮ ያለው መንገድ ለእሱ የተሠራ ይመስል ነበር፤ ገመድ ሻጭ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ፎቶ ቤት፣ ጫማ ሰፊ ተደርድረውበታል። የመርከበኛ ሻንጣ በአደራ የሚያስቀምጡ አንዲት ሴትዮም ነበሩ። ያልተመለሰ ሰው ሻንጣ እሳቸው ዘንድ አይከፈትም። ሴትዮዋ ሲሞቱ ከአልጋቸው ሥር አሥራ ሰባት ሻንጣ ተገኘ። ዘመዶቻቸው አሥራ ስድስቱን ከፈቱ። አንዱን ግን መክፈት ቀርቶ፣ ከአልጋው ሥር ጎትቶ ለማውጣት የሚደፍር ሰው ጠፍቶ ከነአልጋው ሸጡት።

ቋጠሮ የሥራ ጓደኛ ነበረው። በዚያ ሥራ ሰው ብቻውን አይሠራም፤ አንዱ ሲወርድ አንዱ ገመድ ይይዛል፣ አንዱ ሲያነሳ አንዱ ይቀበላል። የእሱ ጓደኛ «ፍልቅልቁ» የሚባል፣ ጥርሱ ከከንፈሩ የማይደበቅ ልጅ ነበር። ፍልቅልቁ ኮልታፋ ነው፤ «ር» ማለት አይችልም። «ር» በተባለበት ሁሉ «ል» ይላል። ባሕር ለማለት ፈልጎ «እኔ ባሕል ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ» ሲል መርከብ ሙሉ ሰው በሳቅ ይፈነዳል። ከሁሉም የሚብሰው የዕቃው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ነበር። መርከበኞች ያንን ጉድጓድ የመርከቧ ሆድ ይሉታል። ፍልቅልቁ ቀድሞ ወርዶ ጓደኛውን ሲጠራ፣ «ና ውረድ!» ለማለት «ና ውለድ!» ብሎ ይጮሃል። ከላይ ያሉት ወዲያው፣ «ኧረ አዋላጅ ጥሩለት! ምጡ መጣ!» እያሉ ይንከተከታሉ። እሱም አብሮ ይስቃል እንጂ አይቀየምም። እንዲያውም አውቆ የሚደጋግመው ጊዜ ነበር።

ከእናቱና ከእህቱ ጋር ከገመድ ሻጩ ጀርባ ይኖራል። እህቱ ሸራ ሰፊ ነች፤ የዕቃ መሸፈኛ ሸራ ትጠግናለች። ቋጠሮ ያልተቀደደ ሸራ ራሱ ቀዶ እየያዘ ወደዚያ ቤት ይሄድ ነበር። እናቲቱ ቀዳዳውን ያዩና፣ «ይሄንንስ ምን ቀደደው? ጩቤ ነው አይጥ ነው?» ይሉታል። አንድ ቀን ሽማግሌ እንደሚልክ ማንም አልነገራቸውም፤ ሁሉም ግን ያውቀው ነበር።

ሃያ ስድስት ዓመቱ ላይ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሆዷ ቀይ የተቀባ መርከብ ግንድ ጭና ገባች። መርከበኞቹ «ቀይ ሆዷ» አሏት። ግንዱ እርጥብ ነበር፤ ሃያ ሦስት ቀን የሆዷ ክዳን ሳይከፈት ነው የመጣው። ያን ጠዋት ጉም ወርዶ ሰው የራሱን ጫማ ማየት አቅቶታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ክዳኑ ተከፍቶ ግማሽ ቀን አየር ይገባበታል፤ ከዚያ ፋኖስ በገመድ ይወርዳል፤ ፋኖሱ ከጠፋ ሰው አይወርድም። ያን ቀን ግን ትልቁ ክዳን አልከፈት አለ። ከውስጥ የታሰረ ሰንሰለት ይዞታል። አለቃው ቸኩሏል።

«በትንሿ የሰው መግቢያ ቀዳዳ ግቡና ሰንሰለቱን ፍቱት። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» አለ።

«ፋኖሱስ?» አለ ቋጠሮ።

«አምስት ደቂቃ ነው እኮ የምልህ!»

ፍልቅልቁ የእጅ ባትሪውን አብርቶ መሰላሉ ላይ ወጣ። «እኔ ልቅደም፤ አንተ ግንባልህን እስክትፈታ ይመሻል» ብሎ ወረደ። ቋጠሮ ተከተለው። መሰላሉ ሠላሳ ሁለት እርከን ነበረው፤ ቀጥ ብሎ በጠባብ ጉድጓድ የሚወርድ ብረት ነው። የጓደኛው ጫማ ብረቱን ሲመታ፣ ጓ፣ ጓ፣ ጓ ሲል ይሰማል። ቋጠሮ አሥራ አንደኛው እርከን ላይ ሲደርስ ድምፁ ቆመ። የወደቀ ነገር አልሰማም። የእርጥብ እንጨት ሽታ አፍንጫውን ሞላው።

«ደረስክ?» ብሎ ጠየቀ።

ወደ ታች ሲያይ የእጅ ባትሪው መብራት ከሥር ቢጫ ሆኖ፣ ሳይነቃነቅ ይታያል። ከዚያ የፍልቅልቁ ድምፅ መጣ። ሳቅ ያለበት፣ ሰው ሰውን ለምሳ ሲጠራ ዓይነት ድምፅ ነው።

«ና ውረድ!»

ቋጠሮ ቀኝ እግሩን ወደሚቀጥለው እርከን ሰደደ። እግሩ ብረቱን ሳይነካ አየር ላይ ቆመ። «ውረድ» ነው ያለው። «ር» ጥርት ብላ ነው የወጣችው። አራት ዓመት አብሮት ሠርቷል፤ ከዚያ አፍ ያቺን ፊደል ሰምቶ አያውቅም።

«አንተ ነህ?» አለ፤ ድምፁ ለራሱ ለጆሮው የሌላ ሰው መሰለው።

«ና ውረድ እንጂ፤ ምንም የለም» አለው ከታች። አሁንም ሳቅ አለበት። አሁንም «ር»ዋ ንጹሕ ናት።

ራሱን አዞረው። እንዴት እንደወጣ አያስታውስም፤ ደጋፊ ብረቱን አንቆ መርከቧ ጀርባ ላይ ሲዘረር ብቻ ያስታውሳል። የአየር ጭምብል ከሌላ መርከብ ተፈልጎ፣ ሰው ወርዶ ፍልቅልቁን እስኪያወጣው ከአንድ ሰዓት በላይ ሄደ። ጉንጩን ግንድ ላይ አስደግፎ፣ የተኛ መስሎ ነው የተገኘው። ሐኪሙ መጥቶ አየውና አስረዳቸው። እርጥብ ግንድ ተዘግቶ ሲከርም አየሩን ይጨርሰዋል፤ እዚያ ውስጥ የገባ ሰው ሁለቴ ቢተነፍስ ነው፣ ሦስተኛ የለውም።

«ተጣርቶ፣ አውርቶ ይሆን?» አለ ቋጠሮ።

«በምን ትንፋሹ?» አለ ሐኪሙ።

ሰው ሁሉ፣ «አንተን ፈጣሪ አተረፈህ» አለው። ራሴን ሲያዞረኝ ተመለስኩ ብሎ ነገራቸው፤ ውሸት አልነበረም። ስለ ድምፁ ግን ለማንም አልተናገረም። ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን እህትየዋ አጠገቡ መጥታ ቁጭ አለች።

«የመጨረሻ ቃል የለውም? ምንም አላለህም?»

«ምንም» አለ፤ ዓይኗን ሳያይ።

በሳምንቱ ለረጅም ጉዞ የምትነሳ መርከብ ላይ ተቀጠረ። ያን ቤት ከዚያ ወዲያ አልረገጠም። ከጉዞ ሲመለስ በገመድ ሻጩ በኩል አያልፍም፤ ዞሮ በዓሣ ማራገፊያው ይሄዳል። ሌላ ሴት አገባ፣ ልጅ ወለደ፣ ሚስቱን ቀበረ። ኮንቴይነር ሲመጣና ሰው ከመርከብ ሆድ ሲወጣ፣ ጓደኞቹ ሥራችንን በላው ብለው ሲያዝኑ እሱ ብቻ በልቡ ተመስገን አለ።

ሐሳቡ ግን አልተወውም። ሐኪሙ ከተሳሳተስ? ፍልቅልቁ በሕይወት ኖሮ፣ እየተጣራ፣ እሱ ጥሎት ወጥቶ ቢሆንስ? «ር»ዋን በእርግጥ ሰምቷል ወይስ ፍርሃቱ ነው የፈጠራት? መርከብ ላይ ብቻውን ሲቆም ቃሉን በአፉ ያመላልሰዋል። ውረድ። ውለድ። ውረድ። ከብዙ መመላለስ የተነሳ የትኛውን እንደሰማ ማወቅ ተሳነው። አንድ ቀን ሚስቱ ሰምታው፣ «ምንድነው ውለድ ውለድ የምትለው? አንድ ልጅ አነሰህ?» ብላ ሳቀች። እሱ ግን ትቷት ወጣ፤ እስኪመሽ አልተመለሰም።

ባለፈው ዓመት ነገሩ እንዲህ ሆነ። ጡረተኛ መርከበኞች ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ከአንድ ጎማ ጥገና ቤት ጀርባ ይሰበሰባሉ። ካርታ ይጫወታሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ በየመርከቡ የበሉትን መጥፎ ምግብ ያማሉ። በቅርቡ አንድ አዲስ ሰው መጥቷል። የመርከብ ምግብ አብሳይ የነበረ፣ ዕድሜውን በሩቅ ባሕር ጨርሶ፣ ልጁ ዘንድ ለመኖር የመጣ ነው። አንዱ ጡረተኛ በጨዋታ መሀል፣ «ቀይ ሆዷ ላይ የበላሁት ሩዝ እስከ ዛሬ ሆዴ ውስጥ አለ» አለና ሳቁ።

«የእኔ አይደለም» አለ አብሳዩ። «እኔ እሷ ላይ የሠራሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ጠዋት ገብቼ ከሰዓት በኋላ ጥዬ ወጣሁ።»

ቋጠሮ ካርታውን አስቀመጠ። «የትኛው ቀን?»

«ልጁ የሞተ ቀን።»

ቋጠሮ ተነሥቶ አብሳዩን በክንዱ ይዞ ወደ ውጭ አወጣው። አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አሉ። ፀሐዩ ድርቅ ያለ ነው።

«ለምን ጥለህ ወጣህ?»

«ብነግርህ አበደ ትላለህ።»

«አልልም።»

አብሳዩ ቀኝ እጁን ዘረጋ። ከመዳፉ እስከ አንጓው አሮጌ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። «ልጁን አውጥተው ከማብሰያ ቤቱ በር ፊት ለፊት አስተኙት። ሸራ አለበሱት። እኔ ውሃ አፍልቼ ለሰዉ ትኩስ ነገር ልሰጥ ሽር ጉድ እላለሁ። ከምድጃው ጀርባ ከሆዷ የሚመጣ የአየር ቱቦ ነበር። በቱቦው ሰው ጠራኝ።»

«ሬሳው ከወጣ በኋላ?»

«እያየሁት እኮ ነው የምልህ! እግሩ ከሸራው ወጥቶ ይታየኛል። ሁለት ጊዜ ተጠራሁ። የሚገርመው፣ አልፈራሁም። ደስ የሚል ድምፅ ነበር። ማሰሮውን ትቼ ልሄድ ስነሣ ክርኔ ገፋው መሰለኝ፣ ውሃው እጄ ላይ ፈሰሰ። ስጮህ ሰው መጣ። እጄን ባላቃጥል ኖሮ ወርጄ ነበር።»

ቋጠሮ ወደ እሱ ዞረ። «ቃሉን ንገረኝ። አንድም ሳትጨምር፣ አንድም ሳትቀንስ።»

«'ና ውረድ' ነው ያለኝ።»

«ድገመው።»

«ና ውረድ።»

«'ውለድ' አይደለም?»

«ውለድ?» አብሳዩ ተቆጣ። «እኔ ጉዴን ስነግርህ አንተ ታሾፋለህ?»

«አላሾፍኩም ወንድሜ። ምላሱ ተይዞ ነበር?»

«ኧረ ጥርት ያለ ነው! እንደ ሬዲዮ ሰው።»

ቋጠሮ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። አብሳዩ የሚያደርገው ጠፍቶት ጀርባውን መታ መታ ያደርገዋል። ሟቹ «ር» ማለት እንደማይችል አያውቅም፤ ያን ቀን ነበር መርከቧ ላይ የመጣው። ከአርባ አራት ዓመት በኋላ ቋጠሮ ስለ አንድ ነገር እርግጠኛ ሆነ፤ ጓደኛውን ጥሎ አልወጣም። የጠራው ማን እንደሆነ ግን አሁን ጭራሽ አለማወቁ የባሰ ሆነበት።

በማግስቱ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በገመድ ሻጩ በኩል ሄደ። ገመድ ሻጩ የስልክ መሸጫ ሆኗል። ከጀርባው ያለው ቤት ግን ያው ነው። እህትየዋ በረንዳው ላይ ተቀምጣ የሱቅ መከለያ ሸራ ትሰፋለች። ባል አግብታ፣ ባል ቀብራ፣ ልጆቿን በየአገሩ በትና፣ እዚያው ተመልሳለች። መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ዝቅ አድርጋ አየችው።

«ቋጠሮ ነህ? አርጅተሃል።»

«አንቺም።»

«እኔስ እዚሁ ሆኜ ነው ያረጀሁት። አንተ የት ሄደህ ነው?»

የሚቀመጥበት አሳየችው። መቀመጡን እንኳን ሳያስተካክል ሁሉንም ነገራት። ስለ ፋኖሱ፣ ስለ አሥራ አንደኛው እርከን፣ ስለ ድምፁ፣ ስለ አብሳዩ ነገራት። ስትሰማው መርፌዋን ሸራው ላይ እንደሰካች ቀረች። ሲጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

«ለዚህ ነው መንገድ ስትቀይር የኖርከው?»

«ከጠራኝና ካልሄድኩ፣ እንዴት ብዬ ዓይንሽን ልይ?»

«ወንድሜን መርከቧ በላችብኝ» አለች። «አንተን ግን ማንም ሳይበላህ ነው የጠፋኸው። ለዚያ ነው የተቀየምኩህ እንጂ ለሌላ አልተቀየምኩህም።» ከዚያ ሸራውን ከጭኗ አውርዳ ተነሣች። «ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ።»

ወደ ጓሮ ወሰደችው። ጥጉ ላይ ክብ የሲሚንቶ ድፍን አለ፤ ዙሪያው ሣር አልበቀለበትም።

«ይሄ የዝናብ ውሃ ጉድጓዳችን ነበር። ትዝ ይልሃል?»

«ጥሩ ውሃ ነበረው።»

«ወንድሜ በተቀበረ በሳምንቱ እናቴ ውሃ ልትቀዳ መጣች። እኔ በረንዳው ላይ ነበርኩ። ባልዲውን ስትጥለው ሰማሁ። ሮጬ ስደርስ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ኋላ እያፈገፈገች ነው። ምን ሆንሽ ብላት፣ ከውስጥ ጠራኝ አለችኝ። 'ነይ ውረጂ እማዬ' አለኝ አለች። እኔ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ወንድሜ መስሎኝ ልሄድ ስል በጥፊ መታችኝ። መትታኝ አታውቅም። 'ልጄ መቼ ነው ር ማለት የቻለው?' አለችኝ። 'እኔ ነኝ ያጠባሁት። ይሄ የእኔ ልጅ አይደለም!' የዚያኑ ቀን ግንበኛ አስመጥታ አስደፈነችው።»

ያን ጊዜ፣ በለቅሶው ቤት፣ አንዲት ቃል ተናግሮ ቢሆን እናቲቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ መልሱን ይሰጡት ነበር። ይህን እሱም አሰበው፣ እሷም አሰበችው፤ አንዳቸውም ግን አላነሡትም።

«አሁንስ?» አለ፤ ድፍኑን እያየ።

«አሁንማ ዝም ነው። ግን በዚህ ክረምት ተሰነጠቀ።» በጫማዋ ጫፍ አመለከተችው። ስንጥቁ የጣት ውፍረት አለው፤ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ጎንበስ ሲል ከውስጡ ቀዝቃዛ አየር ፊቱን ነካው። የእርጥብ እንጨት ሽታ ነበረው፤ ወይም መሰለው። ቶሎ ቀና አለ።

«ሰው ላስጠራ ብዬ ነበር» አለች። «ምን ብዬ እንደማስረዳው ጨነቀኝ እንጂ።»

በማግስቱ ጠዋት ቋጠሮ አራት ከረጢት ሲሚንቶና አሸዋ በጋሪ አስጭኖ መጣ። እሷ ውሃ ከቧንቧ እያመላለሰች፣ እሱ በአካፋ እያቦካ፣ ቀኑን ሙሉ ሠሩ። ጉልበቱ እያቃተው ሁለቴ ተቀመጠ፤ ሁለቴም ተነሣ። ስንጥቁ ከመሸፈኑ በፊት እሷ ጎንበስ ብላ ትንሽ አዳመጠች፤ እሱ ግን ምን ሰማሽ ብሎ አልጠየቃትም። ስንጥቁን ለመድፈን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ይበቃ ነበር። እነሱ ግን አራቱንም ከረጢት ጨረሱት።